ስፔኖቹ ሮዝ ናቸው

«ተይው አልኩሽ እኮ!» አቪስ ሱሪውን ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አፍ መንትፋ አወጣችው።

ሙሪየል የሳሙና ዱቄቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የአቪስ ሟች ባል የሮላንድ ታላቅ እህት ናት። የወንድሟን መርዶ በሰማች ማግስት ሻንጣዋን አንጠልጥላ በባቡር መጣች፤ ሐዘንተኛዋን ማጽናናቱ ሲያቅታት ጊዜ ቤቱን ታጥብ ጀመር። መጋረጃ አጠበች፣ ምንጣፍ አጠበች፣ ማንም ያልበላበትን ሳህን አጠበች። ዛሬ ደግሞ አስከሬን አሰናጆቹ በከረጢት አድርገው የመለሱትን የሮላንድን ልብስ አገኘች።

«በጭቃው ልታስቀምጪው ነው?»

«አዎ፣ በጭቃው።»

«እንደወደድሽ። እኔ ለአንቺው ብዬ ነው።»

አቪስ ሱሪውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ጭቃው ያለው ጉልበቱ ላይ ነው። በሁለቱም ጉልበቶች ላይ ጥቁር የጫካ አፈር ደርቆ ተጋግሯል፤ የቅጠል ስብርባሪም ተጣብቆበታል። ገለበጠችው። መቀመጫው ንጹሕ ነው፤ አቧራ እንኳ አልነካውም።

ሮላንድ የሞተ ዕለት ጎድፍሬይ መጥቶ የነገራት ሌላ ነበር። «የጫካው መንገድ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እንቅልፍ የወሰደው ነው የመሰለኝ። ምንም አልተሠቃየም፣ አቪስ» ብሏት ነበር። ያቺን ቃል ይዛ ነው እስከ ዛሬ እህል የቀመሰችው። አግዳሚ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ግን ጉልበቱ እንዲህ አይጨቀይም።

ጎድፍሬይ አሁን ሳሎን ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው ቤት ሲገባ እግሩን የት እንደሚያደርገው የሚጨንቀው። ሮላንድ ይመራው የነበረው «የቄሱ ጫካ ወዳጆች» ማኅበር ጸሐፊ ነው። ከጎኑ ጎረቤቷ ግዌን ተቀምጣለች። ግዌን በየቀኑ አንድ ምግብ በሳህን ይዛ ትመጣለች፤ በየቀኑም አንድ ወሬ ይዛ ትሄዳለች። ዛሬ ያመጣችው የሎሚ ኬክ ነበር።

አቪስ ሻይ ልትጨምርላቸው እንደመጣች ሆና ገባችና፣ «ጎድፍሬይ፣ አግዳሚው እርጥብ ነበር እንዴ?» አለችው።

«የቱ አግዳሚ?» አለ። ወዲያው ፊቱ ቀላ። «አዎ... አዎ፣ ትንሽ ረጥቦ ነበር። ጠል ነው መሰለኝ።»

ግዌን ኬኳን አፏ ውስጥ እንደያዘች ማኘክ አቆመች። አቪስ ወተቱን ቀዳችለት፣ ስኳሩን አቀረበችለት፤ እሱ ስኳር እንደማይወስድ ረስቶ ሦስት ማንኪያ ጨመረ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከጽዋው ሳያነሣ። «የማኅበሩ መሣሪያዎች ሮላንድ ዘንድ ናቸው። ጓሮ ካለው የዕቃ ቤት። ቁልፉን ብትሰጪኝ እኔው ገብቼ እወስዳቸዋለሁ። አንቺ በዚህ ሰዓት እዚያ ምን ያስገባሻል?»

ደግነት ነው እንዳትል፣ ሰውየውን ያልበዋል።

«ቁልፉን የት እንዳደረገው አላውቅም» አለች። ቁልፉ የሹራብ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱና ሙሪየል መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ስትከፍት፣ አቪስ የጓሮውን በር በቀስታ ዘግታ ወጣች። የዕቃ ቤቱ የሮላንድ ግዛት ነው። እሷ እዚያ የምትገባው ምሳ ደርሷል ለማለት ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ በሩን ከውስጥ በትከሻው ይዞ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላት ነበር። የዚያን ጊዜ ምንም አይመስላትም ነበር። ዛሬ መሰላት።

መጋዞቹ ተሰቅለዋል። ማጭዶቹ ተስለው በዘይት ታሽተዋል። ከጀርባቸው፣ በአሮጌ ድንኳን ሸራ ሥር፣ የፈረስ መኖ ከረጢቶች ተደርድረዋል። አንዱን ፈታችው። ነጭ ሽንኩርት የሚያካክሉ ነጫጭ የአበባ ሥሮች አፉ ድረስ ሞልተውታል። ሌላውን ፈታች፤ እሱም ያው ነው። ትኩሶች አሉ፣ ደርቀው የሚንኮሻኮሹ አሉ፣ ማዕዘን ላይ ባለው የውሃ በርሜል ተነክረው የሸተቱም አሉ።

በየጸደዩ ጫካውን ሰማያዊ የሚያለብሰውን የደወል አበባ ከነሥሩ መንቀል ወንጀል ነው። ይህን ለመንደሩ ሲያስተምር የኖረው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም። የቄሱ ጫካ በር ላይ «ከመንገዱ አትውጡ፤ አበባ አትቁረጡ፤ ሥር መንቀል በሕግ ያስቀጣል» የሚለው ሰሌዳ የሮላንድ እጅ ጽሑፍ ነው። አቪስ ከረጢቱን መልሳ አሰረችው። ያሳፈራት ሌብነቱ ብቻ አይደለም። አብራው ያረጀችውን ሰው አላውቀውም ይሆን የሚለው ሐሳብም ነው።

ሮላንድ ትራክተር ጠጋኝ ነበር። እስከ ጎልማሳነቱ ድረስ ጽጌረዳን ከጎመን አይለይም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጡረታው ሲቃረብ ግን ማኅበሩ ውስጥ ገባ፣ የዛፍ አያያዝ ኮርስ ወሰደ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። አንድ እግሩን ከመንገዱ ያወጣ መንገደኛ ሲያይ ከሩቅ ያንባርቃል። «አንዴ የተረገጠ ደወል አበባ ለማገገም ዓመታት ነው የሚፈጅበት! ያንተ እግር ስንት ዓመት ይኖራል?» ይላል። አንድ ጊዜ ለሠርግ ፎቶ አበባው መሃል የገባችን ሙሽራ በቬሏ ጎትቶ አወጣ ተብሎ ለመንደሩ ሴት ቄስ ተከሷል። እሱ ግን «ቬሉን አልነካሁም፤ ራሷ ናት ደንግጣ የወጣችው» ብሎ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠላው «ስፔኖቹን» ነበር። ከስፔን መጥተው በየሰዉ አትክልት ቦታ የሚተከሉ ደወል አበቦች ናቸው፤ ወደ ጫካ ከዘለቁ ከአገሬው ጋር ተዳቅለው ዘሩን ያጠፉታል ይላል። የግዌንን ደጃፍ ያስጌጡ የነበሩትን ሮዝ አበቦች በሦስት ጸደይ ጭቅጭቅ አስነቅሏታል። ግዌን እስካሁን ቂሟን አልረሳችም።

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በመንደሩ አዳራሽ ስለ ጫካው ንግግር ያደርጋል፣ ሥዕል በግድግዳ ላይ እያሳየ። አቪስ ኬክ ጋግራ ልትመጣ ባለች ቁጥር፣ «አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ቤት ስትሰሚው የኖርሽውን ነው» ይላታል። ቤት ግን አንድም ቀን አውርቶላት አያውቅም። ታዲያ ምንድነው እዚያ የሚለው፣ እሷ እንዳትሰማ?

በማግስቱ ሙሪየልና ግዌን ወጥ ቤት ሆነው ድንች ይልጣሉ። አቪስ ደረጃው ላይ ነበረች። ስሟ ሲነሣ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«እኔ አላልኩም» ትላለች ግዌን፣ ልትል በተዘጋጀች ሴት ድምፅ። «የአምቡላንሱ ልጆች ናቸው ያዩት። ከረጢት ይዞ ነው የተገኘው ነው የሚባለው። ግማሹ ሥር ተሞልቶ። ማኅበርተኞቹ ደግሞ ጫካው ውስጥ ጉድጓድ አይተዋል፣ በየዓመቱ ነው የሚያዩት፤ ሌባው ማነው ሲሉ ነበር የኖሩት። ሮላንድም አብሯቸው ማነው ሲል ነበር የኖረው!»

«ወንድሜ ሌባ አይደለም።»

«አይደለም የኔ እህት፣ አይደለም። ግን የኔን አበቦች እንደዚያ ሲያስነቅለኝ...»

«ሌባ አይደለም አልኩሽ! ደግሞ ድንቹን አታሳስቺው፤ ግማሹን ከልጣጩ ጋር እየጣልሽው ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጎድፍሬይ ስልክ ደወለ። ሮላንድ ሲቀልድም ሲያመርም አንድ ኑዛዜ ነበረው። ማኅበርተኞቹ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ጫካውን አቋርጠው፣ ከወዲያ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን እንዲወስዱት ይፈልግ ነበር። «በመኪና ከወሰዳችሁኝ ተነሥቼ በእግሬ እሄዳለሁ» ይላቸው ነበር። ሁሉም እሺ ብለዋል፤ ቀብሩም ለሐሙስ ተቆርጧል።

«አቪስ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኗል» አለ ጎድፍሬይ። «ሰዎቹም ጀርባቸው... ታውቂያለሽ፣ ዕድሜ ነው። በዋናው መንገድ በመኪና ብናደርገው...»

«ዝናብ ከዘነበ ሳምንት አልፎታል።»

ጎድፍሬይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንሸከምም አሉ በላ! በግልጽ ንገረኝ!»

«አላሉም። እያሰቡበት ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከሮላንድ ጋር ከተጋቡ ወዲህ በሰው ጆሮ ላይ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ በሐዘን ካርዶቹ መደርደሪያ ፊት። «በሐዘንሽ ተካፋይ ነን» ይላሉ ካርዶቹ። ከላኳቸው ውስጥ የስንቱ ጀርባ ይሆን ሐሙስ የሚያመው?

የምታስታውሰው ሌላ ሮላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው፣ የመጨረሻም የሆነችው፣ ሞታ የተወለደች ጊዜ የነበረው። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለች ልጅ ለእናቷ አትታይም ነበር። ነርሷ በፎጣ ጠቅልላ ይዛት ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደቀበራት፣ የት እንደቀበራት የነገራቸው የለም። ሮላንድ ሆስፒታሉ ደጅ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። «ቤትህ ሂድ፤ ሌላ ትወልዳላችሁ» አሉት። ሌላ አልወለዱም።

በዚያው ዓመት መከር ላይ አቪስ ከገበያ አንድ ከረጢት የደወል አበባ ሥር ገዛች። የእናቷ መቃብር ላይ አበባ የምትተክል ሴት፣ የልጇ መቃብር ሲጠፋባት ምን ታድርግ? የቄሱ ጫካ ውስጥ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ አንድ የተጣመመ ዛፍ ሥር በወጥ ማንኪያ እየቆፈረች ተከለቻቸው። ሮላንድ የጫካ ጠባቂው እንዳይመጣ መንገዱን ይጠብቅላት ነበር። አንዴ ዱላ የያዘ ሰው ብቅ ሲል፣ «የጠፋ ውሻ እየፈለግን ነው» አለው። ሰውየው በቅንነት አብሯቸው ሲያፏጭ ግማሽ ቀን ዋለ።

ከዚያ ወዲህ በየጸደዩ፣ ግንቦት በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለቱ ይሄዳሉ። ጫካው ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። የእነሱ አበቦች ጋ ሲደርሱ አቪስ፣ «እይ፣ የኛዎቹ ከሌሎቹ ይልቅ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት» ትላለች። «በእናታቸው ወጥተው ነው» ይላታል። ጎንበስ ብላ ታሸታለች፤ ምንም አይሸታትም። «የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀጥረሽ ስትጠብሺ ነው አፍንጫሽ የሞተው» ይልና ክንዷን ይዞ ያነሣታል። በየዓመቱ ያንኑ ቀልድ ይቀልዳል፤ በየዓመቱ ትስቅለታለች። ያ ሰው ከጫካው ሥር ሰርቆ ይሸጣል? ለማን? ለምን? ደግሞስ እዚያው፣ ልጃቸው ባለችበት?

ተነሥታ ጎድፍሬይ ዘንድ ደወለች።

«ነገ ጠዋት ትመጣለህ። ሮላንድን ያገኘህበት ቦታ ትወስደኛለህ። አግዳሚው ጋ አላልኩህም፤ ያገኘህበት ቦታ።»

ሲተነፍስ ተሰማት። «እሺ» አለ በመጨረሻ።

ጠዋት ጫካው ከበሩ ጀምሮ ሰማያዊ ነበር። ገና ቅጠላቸው ባልጠና ዛፎች ሥር አበባው ዳገቱን ሞልቶ ቁልቁል ወርዷል፤ ሽታው ከመግባታቸው ተቀበላቸው። ጎድፍሬይ ፊት ፊት ይሄዳል፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ። ከማዶ ውሻ የያዙ ባልና ሚስት መጡ።

«ደህና አደራችሁ! ዘንድሮስ አምሮበታል፣ አይደል?» አለች ሴትየዋ።

«አዎ፣ ደስ ይላል» አለች አቪስ።

«ዝናቡ ባይመጣ ነው» አለ ጎድፍሬይ።

«ይመጣል ይላሉ» አለ ባልየው፤ አለፉ። በዚህ አገር ጫካ ውስጥ የተገናኘ ሰው ስለ ዝናብ ሳይነጋገር አይተላለፍም፣ የሞተበትም ቢሆን።

አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ጎድፍሬይ አላቆመም። አልፎት ሄደ። ትንሽ እንደሄደ ከመንገዱ ወጣ፤ አበባ እንዳይረግጥ እግሩን እየመረጠ በቀጭኗ የሚዳቋ መንገድ ገባ። አቪስ ተከተለችው። የሚሄድበትን ገና ሳይደርሱ አወቀችው። መንገዱን እሷም በየዓመቱ ትሄድበታለች።

የተጣመመው ዛፍ ሥር ቆመ።

«እዚህ ነው» አለ። «በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ። መጀመሪያ የሚጸልይ መስሎኝ...»

«ሮላንድ አይጸልይም።»

«አዎ። እሱን ሳስታውስ ነው የሮጥኩት።»

አበቦቿ አሉ። መሃል ላይ ቀጥ ብለው፣ አንድም ሳይነካ። ዙሪያቸውን ግን መሬቱ ተቆፍሯል። እንደ ቀለበት ሆኖ የተገለበጠ ጥቁር አፈር ከቧቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የጫካው ሰማያዊ ይቀጥላል። የቁፋሮው አንድ ጫፍ ላይ ሥራው እንደተቋረጠ ቀርቷል።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለችው። «ሌባ ነው ብለህ አፍረህለት ነው?»

«ሌባ!» ጎድፍሬይ በምሬት ሳቀ። «ሌባ ቢሆንማ በተሻለኝ። ሌባ ነው ያለው ግዌን ነች፤ እኔ አፌንም አልከፈትኩ። ያየሁትን ብነግራቸው ደግሞ ጭራሽ ማንም አይሸከመው። ቁልፉንም የጠየቅኩሽ ከረጢቶቹን ቀድሜሽ ላወጣልሽ ነበር።»

«ምን አየህ?»

እጁን ወደ መሃሉ ቀሰረ። «እነዚህን። እነዚህ የኛ አይደሉም፣ አቪስ። ስፔኖች ናቸው። በጫካው እምብርት ላይ! ደግሞ ዙሪያቸውን እየኮተኮተ ሲንከባከባቸው ኖሯል። እኛን እያስነቀለ፣ ግዌንን እያስለቀሰ፣ እሱ እዚህ በድብቅ...» ለአበቦቹ ጀርባውን ሰጠ። «ሃያ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ።»

አቪስ አዘነችለት። «ተሳስተሃል» አለችው፣ ለልጅ እንደሚናገሩት። «እነዚህ ሰማያዊ ናቸው። ስፔኖቹ ሮዝ ናቸው።»

ጎድፍሬይ ዘወር ብሎ አያት። «ማን አለሽ?»

«ሮላንድ ነዋ።»

«ሮላንድ ነው ያለሽ? ስፔኖቹ ሮዝ ናቸው ብሎ?»

«ሁልጊዜ ነው የሚለኝ። የግዌን አልነበሩም እንዴ ሮዝ?»

«የግዌን ሮዝ ነበሩ። ሮዝም አለ፣ ነጭም አለ። አብዛኞቹ ግን ሰማያዊ ናቸው።» ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ ነገሩ ለራሱም እየተገለጠለት እንደመጣ ያስታውቅበታል። «ይሄንን በየዓመቱ አዳራሹ ውስጥ ያስተምር ነበር። መጀመሪያ የሚያሳየው ሥዕል ይሄ ነበር። የኛው አንገቱን ወደ አንድ ጎን ይደፋል፤ ስፔኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኛው ይሸታል፤ ስፔኑ ሽታ የለውም።»

አቪስ ጎንበስ አለችና አንዱን አሸተተችው። ዞር ብላ ከቀለበቱ ውጭ ያለውን፣ አንገቱን የደፋውን አሸተተች። ይሄኛው ሽታው እስከ ዓይኗ ድረስ ገባ። አፍንጫዋ ደህና ነበር። ዕድሜ ልኩን ደህና ነበር።

«የተከልኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

ነገረችው። ረጅም አልነበረም፤ ነርሷን፣ ፎጣውን፣ የገበያውን ከረጢት፣ ማንኪያውን። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሙሪየል እንኳ አታውቅም። ጎድፍሬይ ቆቡን አውልቆ ሲሰማት ቆየ፤ ስትጨርስም መልሶ አልደፋውም።

«የዚያን ጊዜ ስለ አበባ ምንም አያውቅም ነበር» አለ በኋላ። «ኮርሱን ሲወስድ ነው ያወቀው። ያወቀ ዕለት...» ቀለበቱን ተመለከተ። «እየተንከባከባቸው አልነበረም። እየገታቸው ነበር። ዘር ጥለው ወደ ውጭ የሚወጡትን በየዓመቱ ሲነቅል ነው የኖረው፤ ወጥተው ከኛዎቹ እንዳይቀላቀሉ። ጉድጓዱም ከረጢቶቹም ሁሉ የዚያ ናቸው፤ ሥሩ ደርቆ ወይም በስብሶ ካልሞተ የትም ቢጥሉት መልሶ ይበቅላል። መሃሉን ግን...»

«መሃሉን ለኔ ተወልኝ።»

ያኔ ተናደደች። ሮላንድ ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣት ብሎ ነበር፤ አሁን ከንዴቷ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። «አንተ ደደብ ሽማግሌ!» አለች፣ መሬቱን። «አትነግረኝም ነበር? እኔ ብስኩት ነኝ እንዴ የምሰበረው? በዚህ ዕድሜህ በጉልበትህ እየዳህክ፣ ልብህ እየደከመ! ሌባ እስኪሉህ ድረስ!» ትወደው ነበር። አሁን የወደደችውን ያህል ወዳው አታውቅም፤ ቢነሣላት ግን በጥፊ ትለው ነበር።

ጎድፍሬይ ወደ ዛፎቹ እያየ ጠበቃት።

«ለማኅበርተኞቹ ምን ልበላቸው?» አለ ኋላ። «እውነቱን ከነገርኳቸው ሐሙስ ይሸከሙታል፤ አልቅሰው ነው የሚሸከሙት። ግን እነዚህን ካወቁ ይነቅሏቸዋል። ሕጋችን ነው፤ ያወጣውም እሱ ነው። ወይም...» ቆቡን በእጁ አሽከረከረው። «ወይም እኔ ምንም አላየሁም። አበቦችሽ ይቀመጣሉ። ወሬውን ሰው ይረሳዋል።»

«ግዌን እያለች?»

ጎድፍሬይ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው።

አቪስ አበቦቹን አየቻቸው። ልጇ እዚህ እንደሌለች ታውቃለች፤ ሁልጊዜም ታውቅ ነበር። ግን ሌላ ቦታ የላትም። ስም ያልወጣላት፣ ማንም አይቷት የማያውቅ ልጅ፣ በዚህች ምድር ላይ ያላት ይህ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሮላንድ አለ፤ የሬሳ ሣጥኑ በመኪና ተጭኖ በዋናው መንገድ ሲያልፍ፣ ሰዎች ከመስኮታቸው ጀርባ እየተጠቃቀሱ። እሱ ስሙን ለእሷ ሲል ጭቃ ውስጥ ጥሎት ነው የሞተው። እሷም ዝም ብትል ስሙ እዚያው ጭቃ ውስጥ ይቀራል።

«ንገራቸው» አለች። «በስሜ ንገራቸው። አቪስ ተክላው ነው፣ እሱ ደብቆላት ነው በላቸው። ልጅቷንም ንገራቸው።»

«አቪስ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ሐሙስ በዚህ በኩል ታሳልፉታላችሁ። እዚህ ጋ ስትደርሱ ትንሽ ታቆሙታላችሁ። ዓርብ መቆፈሪያህን ይዘህ ትመጣለህ፤ እኔም እመጣለሁ። ማንም ሌላ ሰው እንዳይነካቸው።»

ጎድፍሬይ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ለመሄድ ዘወር ሊሉ ሲሉ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ከቀለበቱ ውጭ፣ ሥራው በተቋረጠበት በኩል፣ አንገታቸውን ከደፉት መሃል አንዷ ቀጥ ብላ ቆማለች። ትንሽ ናት፤ ገና ዘንድሮ ማበቧ መሆኑ ያስታውቃል። ሮላንድ ወደ እሷ እየመጣ ነበር፤ አልደረሰባትም።

አቪስ የጎድፍሬይን እጅ ሳትይዝ ተንበረከከች። አገዳው እንዳይበጠስ ወደ ላይ አልጎተተችውም። ጣቶቿን በጎንና በጎኑ አስገብታ፣ ቀዝቃዛውን አፈር እየፈለፈለች፣ ሥሩ እስኪገኝ ወረደች። ነጭ ነበር፤ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። መዳፏ ላይ አድርጋ አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገችለት፤ ለጥቂት ጊዜም ጨብጣው ቆየች። ከዚያ የካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«በአንተ በኩል እይ» አለችው ጎድፍሬይን፣ ቀና ሳትል። «ሌላም ያመለጠው ይኖራል።»